እሑድ ትጠብቅ

ሜምፊስ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1962

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ ለኦዜላ፣

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን ሰምቶ «ይሄን መጀመሪያ የዘፈነው ማነው?» ብሎ ያልጠየቀ ይኖራል? እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ምን አስጠየቀኝ! መልሱ ወጥ ቤታችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት ይልጥ ነበር። እዚህ ግን የሚያውቅ ሰው ጠፋ፤ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

ሰላምታ ሳላስቀድም ጥያቄ በማስቀደሜ ይቅርታ። እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ (ከላይ ካልኩት በስተቀር)።

ሥራው ምን ይመስላል ብለሽኝ ነበር። ጠዋት ለጣቢያው የመጣውን ፖስታ እከፍታለሁ፣ የቀብርና የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ በታይፕ እመታለሁ፣ ከሰዓት ሸክላዎቹን ወደየመደርደሪያቸው እመልሳለሁ። ለዚህ ነው ወይ ኮሌጅ የጨረስሽው እንዳትዪኝ፤ እኔው ለራሴ እለዋለሁ። ግን ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ስቶቫል አንድ ቀን ማይክራፎን ፊት ላስቀምጥሽ ብለውኛል። «አንድ ቀን» የሚሉት ቀን ግን በእሳቸው ካላንደር ላይ ገና አልታተመም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ባለፈው ሳምንት ከዲትሮይት አዲስ ሸክላ መጣ፤ የሚዘፍኑት ሦስት ልጃገረዶች ናቸው። የከሰዓቱ ፕሮግራም አቅራቢያችን ፐርሲ መርፌውን ሲያሳርፍበት እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ። «ቅዳሜ ቶሎ ነይ» ብለው ሲጀምሩ ተንከባልዬ ልወርድ ምንም አልቀረኝ።

«ምነው ፕሮፌሰሯ፣ ጋኔን አየሽ?» አለኝ ፐርሲ።

«ይሄ እኮ የአክስቴ ዘፈን ነው።»

«የኦሃዮው ልጅ ነው እንጂ! ያ የጸጉሩ ቅባት የሚንጠባጠበው ነጭ ልጅ።»

«አክስቴ ስትዘፍነው እሱ ገና በእናቱ ጉልበት ስር ይድህ ነበር።»

«እሺ። የእኔም አያት ባቡር የፈለሰፉ ሰው ናቸው።»

«ፐርሲ፣ አልቀለድኩም። ኦዜላ ፔቲግሩ ትባላለች። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

«ታዲያ የት አለች?»

ይሄኛውን ጥያቄ ላንቺው አስተላልፌዋለሁ። እውነት አክስቴ፣ የት አለሽ? የኦሃዮው ልጅ በመላ አገሩ ይሰማል። እነዚህ ልጆችም ሊሰሙ ነው። ያንቺን ሸክላ ግን በጣቢያችን ውስጥ ፈልጌ ያገኘሁት ከመደርደሪያ ጀርባ ወድቆ፣ አቧራ ለብሶ ነው። ጠርጌ አጫወትኩት። ምንም አልሆነም፤ ልክ እንደ ድሮው ነሽ።

አንድ ነገር ደግሞ እጠይቅሻለሁ። ሁለተኛው መስመር ካለቀ በኋላ ዘፈኑ ይቆማል፤ ከበሮው ብቻውን ይቀራል፤ ከዚያ አንቺ እንደ መደንገጥ ብለሽ ትመለሻለሽ። የኦሃዮው ልጅም እዚያው ላይ ይቆማል። ልጃገረዶቹ ቦታውን በጭብጨባ ሞልተውታል። ፐርሲ «የተጠና ዘዴ ነው» ይላል። ነው እንዴ?

እባክሽ ወደ ሜምፊስ ነይና በራስሽ አፍ ተናገሪ፤ ቢቻልም በአየር ላይ ዝፈኚው። አንድ ቀን ብቻ። ቶሎ መልሺልኝ።

ልጅሽ ማርዜል

* * *

ሃርላን ክሪክ፣ ሚሲሲፒ፣ ማርች 1 ቀን

ለልጄ ለማርዜል፣

በጌታ ስም ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከራዲዮናችሁ ቀድሞ ይነግረኛል። መልስ በማዘግየቴ ይቅር በዪኝ፤ መጻፍ እንዳንቺ አይሆንልኝም፣ አንዱን ቃል ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

ዘፈኑ ስለሚቆምባት ቦታ ስትጠይቂኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ዘዴ! ሸክላውን የቀዳነው ግሪንቪል ውስጥ ከአንድ የቤት ዕቃ መደብር ጓሮ ነው፤ ድምፅ እንዳያመልጥ ብለው ፍራሽ በፍራሽ ግድግዳውን ሸፍነውታል። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም ዘፍኜ አላውቅም። የእኛን ቤት ታውቂዋለሽ፤ መጽሐፍ የለ፣ ፒያኖ የለ፤ አንዱ መስመሩን ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። አፌ የለመደው ይሄንኑ ነው። መስመሩን አወጣሁና ተቀባይ ጠበቅሁ። ማን ይቀበል! ፍራሹ ያየኛል፣ እኔ ፍራሹን አያለሁ። ከበሮ መቺው ብቻውን ዱም ዱም ይላል። ደንግጬ ቀጠልኩ። ሲያልቅ «ተሳስቻለሁ፣ እንደገና እንቅዳ» ብል ባለማሽኑ ሰውዬ «ያቺን ቦታ የነካ ከእኔ ጋር ተጣላ» አለ።

እና ያ የኦሃዮ ልጅ የኔን ድንጋጤ አጥንቶ ያዘው? አይገርምም? ማንን እንደሚጠብቅ አያውቅም፣ ግን ይጠብቃል። ልጃገረዶቹስ ብልሆች ናቸው፤ ባዶ ቤት የሚወድ የለም።

«እሑድ ትጠብቅ» ያልኩትን ልጁ «ሰኞ ትጠብቅ» ብሎ ቀየረው ብለሽ ድሮ ስትናደጂ አስታውሳለሁ። ተዪው። እሱ ሰኞ ትምህርት ቤት አለበት። እኔ ያን ጊዜ እሑድን የማውቀው በአሠሪዬ በሚስስ ሃላም ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ ሰው ከጸሎት ወጥቶ ሲያርፍ እኔ የእንግዳቸውን ዶሮ እጠብሳለሁ። የእኔ ብዬ የማውቃት ቅዳሜ ማታን ነው። ቢያውቀው እሱም አይለውጠውም ነበር ይሆናል።

ነይ ስላልሽው አልመጣም። ዲያቆን ቶቢያስ ካረፉ ወዲህ እሑድ እሑድ መዝሙር የማወጣው እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ሴት አውጥታ አታውቅም። ቆሜ ሳወጣ፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ሲቀበለኝ፣ ወለሉ ከእግሬ ስር ሲንቀጠቀጥ፣ ልጄ፣ ይሄ ይበቃኛል። ሸክላውን ከተኛበት አትቀስቅሺው።

ሌላም ልጽፍልሽ ያሰብኩት ነገር ነበር። ሌላ ጊዜ ይሁን።

የኮክ ማርማላታ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን እንዳትጨርሺው።

አክስትሽ ኦዜላ

* * *

ሜምፊስ፣ ማርች 16 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ለኦዜላ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ማርማላታው በደህና ደረሰ። ፐርሲ ግማሹን በማንኪያ ላሰውና «ዘፈኑ የአክስትሽ መሆኑን አሁን ትንሽ ትንሽ ማመን ጀመርኩ» አለ።

አክስቴ፣ «ይበቃኛል» ያልሽው እኔን አልበቃኝም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ከጣቢያው ማዶ አንድ ምግብ ቤት አለ፤ ለእኛ ለጥቁሮች የሚሸጡት በጓሮ መስኮት ነው። ትናንት ቆሜ ሳንድዊቼን ስጠብቅ ከውስጥ የኦሃዮው ልጅ ዘፈን ተነሣ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ውስጥ የተቀመጡት በሙሉ በማንኪያቸው ጠረጴዛውን መቱ፤ ሁሉም ያውቋታል። ያንቺ ድንጋጤ እዚያ ቤት ገብቶ ወንበር ይዞ ተቀምጧል። እኔ ውጭ ቆሜያለሁ። ሳንድዊቹን ሳልበላው ለውሻ ሰጠሁት፤ ውሻውም ገርሞት አየኝ።

ተመልሼ በቀጥታ ሚስተር ስቶቫል ቢሮ ገባሁ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ እጄን እያወናጨፍኩ ነበር አሉ። ብቻ ኤፕሪል መጀመሪያ እሑድ ጠዋት ሩብ ሰዓት ሰጡኝ! የመዝሙር ሰዓቱ እንዳለቀ፣ ሰው ሁሉ ራዲዮ ከፍቶ ቁርስ በሚሠራበት ሰዓት። ከዚያ የተሻለ የክብር ሰዓት የለንም። ሸክላሽን አጫውታለሁ፤ ስምሽን፣ ከተማሽን፣ ቤተ ክርስቲያንሽን ሳይቀር እጠራለሁ። ያቺ ቦታ የመጣችበትን ቤት ሰው ይወቅ ብዬ ነው።

ፈቃድሽን መጠበቅ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ግን መልስሽ እምቢ ነው፤ እምቢታሽም ትሕትና ነው፤ ስለዚህ ሁለታችንንም ከክርክር አሳረፍኩ። አትቆጪኝ። ራዲዮሽን ክፈቺ።

ያንቺው ማርዜል

* * *

ሜምፊስ፣ ኤፕሪል 2 ቀን

አክስቴ!

ሰማሽ? ሰማሽ ወይ?

ስልኩ አላቆመም። አንድ ሽማግሌ ከአርካንሳስ ደውለው «ያቺ ሴት በሕይወት አለች?» አሉኝ። «አለች፣ ዶሮም ታረባለች» ስላቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉት። አንዲት ሴትዮ ሸክላሽ ነበራት፤ ታላቅ እህቷ ተቀምጣበት ሰባበረችው፤ እስከዛሬ አይነጋገሩም። ፐርሲ ኮሪደር ላይ ባርኔጣውን አንሥቶ ጎንበስ አለልኝና «ፕሮፌሰሯ፣ አያቴ ባቡር አልፈለሰፉም» አለ።

የከፋው ሰውም አልጠፋም። አንዷ «በጌታ ቀን እሑድ ትጠብቅ ይባላል?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ስለ ሚስስ ሃላም ወጥ ቤት ልነግራት ነበር፤ አላስጨረሰችኝም። እሷን ተያት።

ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር? ምን አልሽ? ምን አሉ የሃርላን ክሪክ ሰዎች? ሁሉንም ጻፊልኝ፤ አታሳጥሪው።

ማርዜል

* * *

ሜምፊስ፣ ኤፕሪል 19 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፣

ከዚያ ወዲህ ካንቺ አንዲት መስመር አላየሁም። ጠዋት ፖስታ ስከፍት የሰው ጽሑፍ ሁሉ ያንቺ እየመሰለኝ ተጣድፌ አነሣዋለሁ፤ ሳየው የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ይሆናል።

ትናንት ወደ ሃርላን ክሪክ ሱቅ ደወልኩ። ባለሱቁን «አክስቴ ደህና ናት?» አልኩት።

«ደህና ናት። ጠዋት ዱቄት ገዝታ ሄደች። ግን...»

«ግን ምን?»

«ግን እሷው ትንገርሽ።»

ይሄን ያህል የሚያስፈራ «ግን» ሰምቼ አላውቅም። ተቆጥተሽ ከሆነ ተቆጪኝ፤ ብቻ በጽሑፍ ይሁን። ለፋሲካ መምጣት አልችልም፤ በዓሉን እዚሁ እንድሠራ አድርገውኛል። እባክሽ።

ማርዜል

* * *

ሃርላን ክሪክ፣ ኤፕሪል 28 ቀን

ልጄ ማርዜል፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። የዘገየሁት ተቆጥቼ አይደለም። ተቆጥቼ ቢሆን በማግስቱ እጽፍልሽ ነበር፤ ታውቂኛለሽ።

ልጽፍልሽ አስቤ የተውኩት ነገር አለ ብዬሽ አልነበር? እሱን ብጽፍልሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ባለፈው መከር ዲያቆን ቶቢያስ ሲያርፉ መዝሙር የሚያወጣ ጠፋ። ፓስተር ግሪግስ ጠሩኝና «እህት ኦዜላ፣ ድምፅሽን እንፈልጋለን፤ ዘፈንሽን ግን አንፈልግም» አሉኝ። ከፊት ባለው የንስሐ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በጉባኤው ፊት ቆሜ፣ ያ ዘፈን ዳግመኛ ከአፌም ከቤቴም እንዳይወጣ ቃል ገባሁ። ቀኝ እጃቸውን ሰጡኝ፤ ሕዝቡም ተራ በተራ ጨበጠኝ። ያን ሳምንት ነው ማውጣት የጀመርኩት።

ስለ ሚስስ ሃላም እሑድም አስረድቼ ነበር። «ዘፈን ማብራሪያውን ይዞ አይዞርም» አሉኝ ፓስተሩ። ምን ልበላቸው? እውነታቸውን ነው።

ላንቺ ያልጻፍኩልሽ አፍሬ ነው። የተማረች ልጄ «አክስቴ በሰው ፊት አንገቷን ደፍታ ለመነች» እንዳትል ብዬ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ወስደሽ ብቻሽን እንዳትሸከሚው፤ ግማሹ የኔ ነው።

ያን ጠዋት የቁርስ ሊጥ አቦካ ነበር። መዝሙሩ አለቀና ያንቺ ድምፅ መጣ። «ልጄ ናት!» አልኳት ድመቷን። ስሜን ጠራሽ። ከተማውን ጠራሽ። ቤተ ክርስቲያኑን ስትጠሪ ራዲዮውን «በቃሽ፣ በናትሽ በቃሽ» አልኩት። ከዚያ እኔው መጣሁ። ያ ድምፅ የኔ ነበር ለካ! እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ከዚህ ከኔ ጉሮሮ ነው ያ ሁሉ የወጣው? ልዘጋው ተነሣሁ። በሊጥ እጄ ቁልፉን ያዝኩት። እና ልጄ፣ ከፍ አደረግሁት።

ዲያቆን ፊኒስ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ።

«እህት ኦዜላ፣ ቃል ገብተሽ ነበር።»

«እኔ አልዘፈንኩም ዲያቆን። ማሽን ነው የዘፈነው።»

«ማሽኑ ያንቺን ጉሮሮ ከየት አመጣው?»

«ይሁን። እርስዎስ ዘፈን መሆኑን ካወቁ ለምን እስከ መጨረሻው ሰሙት?»

ሳቃቸው መጣና ዋጡት። «መነጽሬን ፈልጌ ቁልፉን እስካገኘው ድረስ አለቀ» አሉ።

ጉባኤው ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። «ልጄ ቃሌን ሳታውቅ ነው ያደረገችው» አልኩ፤ ተቀበሉኝ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ቀጥለው ፓስተሩ «አንቺስ ስትሰሚው አዘንሽ?» አሉኝ። «አዎ» ብል ያልቅ ነበር። ሁሉም «አዎ» እንድል እየለመኑኝ ያዩኛል። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ እንዴት እዋሻለሁ? ዝም አልኩ።

አሁን ከኋላ ወንበር ላይ ነኝ። የሚያወጡት ዲያቆን ፊኒስ ናቸው። ባለፈው እሑድ ገና ሲጀምሩ ዜማውን ጣራ ላይ ሰቀሉት፤ የሚደርስበት ሰው ጠፋ። እህት ሉላ ብቻ ልትከተላቸው ሞክራ ሳል ያዛት። መዝሙሩ መሐል መንገድ ላይ ሞተ። እኔ እጄን ጭኔ ስር አድርጌ ተቀመጥኩ።

አይዞሽ። ብዪ፣ ተኚም።

አክስትሽ ኦዜላ

* * *

ሜምፊስ፣ ሜይ 4 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ለኦዜላ፣

ደብዳቤሽን መሰላሉ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ፐርሲ ከታች «ውረጂ፣ ሸክላ ፈልጊልኝ» እያለ ሲጮህ አልሰማሁትም፤ በኋላ ፊቴን አይቶ ራሱ ፈለገ።

ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ይቅርታ የሚለው ቃል እዚህ ጣቢያ ውስጥ በየሰዓቱ ይባላል፤ መርፌ ሲዘል ይቅርታ፣ ማስታወቂያ ሲጠፋ ይቅርታ። ላንቺ የሚሆን ሌላ ቃል አጣሁ። እምቢታሽን ትሕትና ነው ብዬ ስተረጉመው፣ ምን ለማለት እንደፈለግሽ አንዴም አልጠየቅሁሽም። ለፐርሲ ባርኔጣ ብዬ መዝሙርሽን አሳጣሁሽ።

አሁን መላው ይህ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፣ እሑድ ጉባኤው ፊት እቆማለሁ። እኔ ነኝ ያደረግሁት እላለሁ። ንስሐ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ ካሉኝም እቀመጣለሁ። መናገር እችላለሁ፤ ኮሌጅ ሌላ ምን አስተማረኝ?

ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች ሸክላሽን መጠየቅ አላቆሙም። ሚስተር ስቶቫል ቅዳሜ ከሰዓት የራሴን ፕሮግራም ሊሰጡኝ ነው፤ መክፈቻው ያንቺ ዘፈን እንዲሆን ይፈልጋሉ። «አንድ ቀን» ሲሉት የነበረው ቀን መጣ፤ እኔ ግን ገና መልስ አልሰጠሁም።

ማርዜል

* * *

ሃርላን ክሪክ፣ ሜይ 20 ቀን

ልጄ ማርዜል፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ያን ቅዳሜ አውቶቡሱን አይተሽ ባለመሳፈርሽ ደስ ብሎኛል። ባለሱቁ በስልክ «አትምጪ ብላለች» ሲልሽ ከፍቶሽ ይሆናል። ተረጂኝ። አንቺ ቆመሽ አፍሽን ብትከፍቺ ፓስተር ግሪግስ አይችሉሽም፤ ሕዝቡም ያዝንልሽና ይምረኛል። እኔ ግን ላንቺ ሲሉ እንዲምሩኝ አልፈልግም። ደግሞ ስሜን በመጥራትሽ ይቅርታ ስትጠይቂ ቁጭ ብዬ ልሰማ አልችልም።

አንድ ነገር ሆነ። ባለፈው እሑድ ከጸሎት ስወጣ ልጃገረዶቹ ውሃ ፓምፑ ጋ ይጠብቁኝ ነበር። የእህት ሉላ ልጅ ልጅ ተገፍታ ወደ ፊት መጣች።

«እህት ኦዜላ፣ እውነት እርስዎ ነዎት እንዴ? እኛ እኮ የኦሃዮው ልጅ ነበር የሚመስለን።»

«ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል? ሂዱ፣ ምሳ ይቀዘቅዛል።»

«ጫማ አውልቀው ነው የዘፈኑት ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው? ጫማዬን አድርጌ ነው! ሂዱ ብያለሁ!»

እየሳቁ ሄዱ። መንገድ ላይ እየዘፈኑት ነበር። «ሰኞ ትጠብቅ» ሲሉ የኖሩ ልጆች «እሑድ ትጠብቅ» ይላሉ። ቆሜ ሰማኋቸው። ደስታዬና ኀዘኔ አንድ ላይ መጡብኝ፤ የትኛውን ቀድሜ እንደማስተናግድ ጠፋኝ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ፤ መደበቅ ምን እንዳመጣብን አይተናል። ጉባኤው አንድ ነገር ጠይቆኛል። ሸክላው ዳግመኛ እንዳይጫወት፣ እኔው በእጄ ለጣቢያችሁ እንድጽፍ። ያን ከጻፍኩ በጁላይ አምስተኛው እሑድ፣ የአካባቢው ቤተ ክርስቲያናት ሁሉ እኛ ዘንድ ሲሰበሰቡ፣ የማወጣው እኔ ነኝ። ስለ ማዘን ሁለተኛ አይጠይቁኝም፤ ፓስተሩ ራሳቸው ቤቴ መጥተው ነው የነገሩኝ። «እህት ኦዜላ፣ ከዚህ በላይ ላቀልልሽ አልችልም» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። በፊኒስ ድምፅ ከሁላችን በላይ የሚሠቃዩት እሳቸው ናቸው።

ማታ እራቴን በልቼ ወረቀት አወጣሁ። «ለክቡር ሥራ አስኪያጅ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የሚጻፈው ቃል ቀላል ነው፤ ግን እጄ አልሄድ አለኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩና «ልጄ ማርዜል» ብዬ ጀመርኩ። ይኸው የምታነቢው ነው። ከጀርባው ያለውን አይተሽ ይሆናል።

እሑድ ሲደርስ ጉሮሮዬ ብቻውን ይነሣል። ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ መቀበል እንጂ ማውጣት አይቻልም። ሕዝቡ ሲቀበለኝ የሚሰማኝን ነገር ለማንም ማስረዳት አልችልም። ያን ራዲዮ ሳስጮኸው የተሰማኝን ደግሞ ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም። ምነው ሁለቱ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ባልተቀመጡ!

ፕሮግራሙን ያዢው፤ ለእኔ ብለሽ እንዳትተዪው።

አክስትሽ ኦዜላ

* * *

ሜምፊስ፣ ጁን 3 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ ለኦዜላ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ፣ ዶሮዎችሽ፣ ድመቷ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። በዚህ ጊዜ ሰላምታዬን አስቀድሜያለሁ።

ወረቀቱን ገልብጬ ከጀርባው ያለውን አየሁት። «ለክቡር ሥራ አስኪያጅ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ለእሳቸው አላሳየሁም።

ወዲያው አንቺን ወክዬ መልስ ልጽፍ ነበር። እንዲያውም ጽፌ ነበር፤ ረጅም፣ ለጉባኤው የሚሆን፣ ሸክላውንና መዝሙሩን የሚያስታርቅ። ደስ ብሎኝ ተነሥቼ ለፐርሲ አነበብኩለት። ሰምቶ ሲያበቃ «አክስትሽ ይሄን ጻፊልኝ ብላሻለች?» አለኝ። ቀደድኩት። ከዚያ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም፤ እሱም ያላሰበው መሰለኝ፤ ወዲያው ስለ ቤዝቦል ማውራት ጀመረ።

ለሚስተር ስቶቫል «አክስቴ እስክትወስን ሸክላዋ አይጫወትም» አልኳቸው። «እንደፈለግሽ» አሉኝ። «ፕሮግራሙን ግን በኦሃዮው ልጅ እንከፍታለን። ሰው የሚፈልገው ዘፈኑን ነው፤ የዘፈነውን አይደለም።» ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንደ ዱቄት ዋጋ ነው የነገሩኝ። ፐርሲ የኦሃዮው ልጅ ሸክላ ከመደርደሪያው «ጠፋ» ይላል። የት እንደጠፋ አልጠየቅሁትም። ግን ሌላ ይገዛሉ፤ እሱን ማግኘት የሚያስቸግር ነገር አይደለም።

አንቺ በተኛሽ ቁጥር የሚነሣው የኦሃዮው ልጅ ነው፤ ይሄን አልደብቅሽም። አንቺ ስትነሺ ደግሞ መዝሙርሽ ይተኛል፤ ይሄንንም አልደብቅም። ሁለቱን አስማምቶ የሚያኖር ብልሃት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ቢኖርም የማገኘው እኔ አይደለሁም።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። የወሰንሽውን ጻፊው፤ ስትጽፊ ግን ለክቡር ሥራ አስኪያጅ አትበዪ። ፖስታ የምከፍተው እኔ ነኝና ለእኔ ጻፊ። «ይቁም» ካልሽ በገዛ እጄ ከመደርደሪያው አውርጄ በጨርቅ ጠቅልዬ እልክልሻለሁ፤ በጁላይም መጥቼ ከሕዝቡ መሐል ሆኜ ስታወጪ እቀበልሻለሁ። ማንም ቢጠይቀኝ አክስቴ መዝሙር ታወጣለች እላለሁ፤ ከዚያ አልፌ አንድ ቃል አልናገርም። «ይጫወት» ካልሽ ቅዳሜ ከሰዓት ስምሽን እጠራለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንሽን አልጠራም፤ እሑድም ከኋላው ወንበር አጠገብሽ እንድቀመጥ ትንሽ ጠጋ ትዪልኛለሽ። ሁለቱንም ማለት ካልቻልሽ «አልቻልኩም» ብለሽ ጻፊ፤ እሱም መልስ ነው። «አዝናለሁ» ካልሽ ብቻ አላምንሽም።

ሸክላው አሁን ጠረጴዛዬ ላይ፣ በሽፋኑ ውስጥ ነው። ጊዜ ወስደሽ አስቢበት፤ እኔ አልቸኩልም።

ውሸቴን ነው። ፖስታ አምጪውን ገና ከመንገዱ ጥግ ጀምሬ አየዋለሁ። ግን ያንቺን ቃል ሳላይ መርፌውን አላሳርፍም። ጻፊልኝ፣ አክስቴ።

ልጅሽ ማርዜል